የጤና ጥያቄዎቻችሁ፦ ስቴም ሴል የታመመ ጉበት ያድናል?

ሰሞኑን ስለ ጉበት ሕመም ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ስቴም ሴል ሕክምና የሚጠይቁ ናቸው። ስቴም ሴል ማለት እየተራባ ወደ ሌሎች የሕዋስ ዓይነቶች ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን ከዚህ በታች መልሰናል። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አባታችን 58 ዓመታቸው ነው። ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል፤ አሁን ሐኪሙ ሲሮሲስ ሆኗል ብሎናል። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ ሁለት ጊዜ ተቀድቶላቸዋል። በቴሌግራም ያገኘነው ደላላ ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ በሦስት ዙር የስቴም ሴል ሕክምና ጉበታቸውን እንደ አዲስ እንደሚያደርገው ነገረን። የክሊኒኩን ወረቀት ልከንላችኋል። የተጠየቅነው ገንዘብ ቤታችንን ካልሸጥን አይሞላም። እንሂድ ወይ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ቤታችሁን አትሽጡ። ምክንያቱን በዝርዝር እንንገራችሁ።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል፦ «ከእትብት የተገኘ ሜዘንካይማል ስቴም ሴል»፣ «በክንድ ደም ሥር የሚሰጥ»፣ «የሞቱ የጉበት ሕዋሳትን የሚተካ»። የመጀመሪያው እውነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ከእትብት፣ ከአጥንት መቅኒና ከስብ ተወስደው ላብራቶሪ ውስጥ ይራባሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን አብረው አይሄዱም። ሕዋሳቱ ትልልቅ ናቸው። በክንድ ደም ሥር ሲገቡ ደሙ በልብ በኩል አድርጎ መጀመሪያ የሚያደርሳቸው ሳንባ ነው። አብዛኞቹ እዚያው በቀጫጭኖቹ የሳንባ ደም ሥሮች ተይዘው ይቀሩና በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ጉበት የሚደርሱት ጥቂቶቹም የጉበት ሕዋስ ሆነው ቦታ አይዙም። ተመራማሪዎች ከእነሱ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፤ በሕይወት ሳሉ የሚያመነጯቸው ንጥረ ነገሮች የጉበቱን መቆጣት ያበርዱ እንደሆነ ነው የሚጠናው።

ሲሮሲስ ለዓመታት የቆሰለ ጉበት በጠባሳ ተከፋፍሎ፣ ደድሮ፣ ደም እንደ ልብ የማያልፍበት ሲሆን ነው። ጠባሳውን የሚሠሩት ሕዋሳት ጉበቱን የሚያቆስለው ነገር እስካለ ድረስ ሥራቸውን አያቆሙም። በአባታችሁ ላይ ያ ነገር ቫይረሱ ነው። ቫይረሱ እየተራባ አዲስ ሕዋስ ማስገባት ቤቱ እየነደደ ጣሪያ እንደ መክደን ነው።

ስለዚህ ለሐኪማችሁ የምታቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «አባታችን የቫይረሱን መድኃኒት ጀምረዋል?» የሚል ይሁን። በደብዳቤያችሁ ስለ መድኃኒት አንድም ቃል የለም፤ እኛን ያሳሰበንም ይሄ ነው። ሲሮሲስ ያለበት የሄፓታይተስ ቢ ታማሚ የቫይረሱ መጠን ዝቅተኛ ቢሆንም፣ የጉበት ኢንዛይሙ ደህና ቢመስልም መታከም አለበት። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር 300 ሚሊግራም በቀን አንዴ ነው፤ ወይም ኢንቴካቪር፣ ሆዱ ውሃ ለቋጠረ ሰው 1 ሚሊግራም በባዶ ሆድ። የቴኖፎቪር አወሳሰድ እንደ ኩላሊት አቅም ስለሚስተካከል አስቀድሞ ክሬአቲኒን ይለካል። አንዴ ከተጀመረ በራስ ፈቃድ ማቆም አደገኛ ነው። ቫይረሱ በድንገት ያገረሽና የደከመውን ጉበት በሳምንታት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ስላለ፣ ሐኪማችሁ ወደዚያ ወይም ወደ ሌላ የጉበት ስፔሻሊስት ሪፈር ሊጽፍላችሁ ይችላል።

ይህ መድኃኒት ምን ያህል እንደሚያደርግ በ2013 ከታተመ ጥናት እንይ። ለ5 ዓመት ቴኖፎቪር ከወሰዱትና የጉበት ናሙናቸው በመጀመሪያም በመጨረሻም ከተመረመረው ሰዎች መካከል 96ቱ ሲጀምሩ ሲሮሲስ ነበረባቸው። ከ5 ዓመት በኋላ በ71ዱ ናሙና ላይ ሲሮሲስ አልታየም። እነዚያ ሰዎች ሆዳቸው ውሃ ያልቋጠረ፣ ጉበታቸው ገና ሥራውን የሚወጣ ነበሩና አባታችሁ ያንኑ ያህል ይሻላቸዋል ማለታችን አይደለም። ሆኖም ክሊኒኩ በቤታችሁ ዋጋ የሚሸጠውን ተስፋ ያህል፣ ያውም በማስረጃ፣ አንዲት እንክብል ታደርገዋለች።

ለሆዱ ውሃ ደግሞ የተለመደው ሕክምና ስፓይሮኖላክቶን 100 ሚሊግራምና ፍሮሴማይድ 40 ሚሊግራም በቀን ነው፤ ሐኪሙ እያየ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እግራቸው ካላበጠ ክብደታቸው በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ እንዳይቀንስ በየጠዋቱ ይመዘኑ። ፈጥኖ መቀነስ ኩላሊት ይጎዳል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ ከተቀዳ ለእያንዳንዱ ሊትር 8 ግራም ያህል አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን በደም ሥር መሰጠት አለበት፤ ይህ ሲዘለል የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊት ይደክማል። ከሚቀዳው ውሃ ጥቂት ወደ ላብራቶሪ ይላክ። ኒውትሮፊል የሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት ቁጥር በኪዩቢክ ሚሊሜትር ከ250 ካለፈ ውሃው ተመርዟል፤ የዚያኑ ዕለት አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ኢንዶስኮፒ ካልተነሱም ይነሱ፤ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች አብጠው ከሆነ ሳይፈነዱ በላስቲክ ይታሰራሉ ወይም ፕሮፕራኖሎል አለዚያም ካርቬዲሎል ይታዘዛል። አልትራሳውንድ በየ6 ወሩ ይደረግ፤ ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ የሚገኘው እንዲህ ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ተብሎ የሚገዛ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ፈጽሞ አይውሰዱ። ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ካልበለጠ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በቻይና በሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኞች ላይ ስቴም ሴል ዕድሜ እንዳስረዘመ አንብቤያለሁ። ሐኪሜ ግን «ገና ነው» ይለኛል። ማንን ልመን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሁለቱንም። ያነበቡት በ2017 የታተመው የጓንጆው ጥናት ሳይሆን አይቀርም። በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበታቸው በድንገት ሥራ ያቆመ 110 ሰዎች ተሳትፈውበታል። 56ቱ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ከሌላ ሰው መቅኒ የተራባ ስቴም ሴል በሳምንት አንዴ ለ4 ሳምንት ወሰዱ፤ 54ቱ መደበኛውን ሕክምና ብቻ አገኙ። በ24ኛው ሳምንት ከመጀመሪያዎቹ 73.2 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 55.6 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ከባድ ኢንፌክሽንም ሕዋሱን በወሰዱት ላይ አነሰ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ሥራው የተሠራው በአንድ ማዕከል ነው፤ ማን ምን እንደወሰደ ሐኪሙም ታማሚውም ያውቁ ነበር፤ ሕመሙም በዓመታት ከሚመጣው ሲሮሲስ የተለየ፣ በሳምንታት የሚገድል ቀውስ ነው።

በ2016 ከደቡብ ኮሪያ የወጣው ሌላ ጥናት በመጠጥ ምክንያት ሲሮሲስ የያዛቸውን ሰዎች ያየ ነበር። ከራሳቸው መቅኒ የተራባ 50 ሚሊዮን ሕዋስ ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ወሳጅ ሥር ገባ። በናሙና የተለካው ጠባሳ አንድ ዙር በወሰዱት 25 በመቶ፣ ሁለት ዙር በወሰዱት 37 በመቶ ቀነሰ። ጠባሳ መቀነሱ መልካም ቢሆንም ሰው በዚያ ምክንያት ረዘም ላለ ጊዜ ኖረ ለማለት አይበቃም።

በሦስተኛ ደረጃ የብሪታንያውን፣ በ2018 የታተመውን ይጨምሩበት፤ ሻጮቹ የማይጠቅሱት ይሄኛውን ነው። 81 ሲሮሲስ ያለባቸው ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን መደበኛውን ሕክምና፣ ሁለተኛው የመቅኒ ሕዋሳትን ወደ ደም የሚያስወጣ መርፌ፣ ሦስተኛው መርፌውን ከራሱ ከተሰበሰቡ ደም አመንጪ ስቴም ሴሎች ጋር ሦስት ጊዜ አገኘ። ከ90 ቀን በኋላ የጉበታቸው ነጥብ፣ ሐኪሞች ሜልድ የሚሉት፣ በሦስቱ መካከል ልዩነት አላሳየም። ከባድ የጤና ችግር ግን ሕዋሱን በወሰዱት ላይ በዝቶ ታየ። ደም አመንጪ ሕዋስና ሜዘንካይማል ሕዋስ አንድ አይደሉም፤ የአንዱ መውደቅ ሌላውን አይጥልም። ሆኖም ተስፋ የተጣለበት ሕክምና በዕጣ ሲፈተን ባዶ ሊወጣ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

እርስዎ አሜሪካ ስላሉ አንድ ነገር ይወቁ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ ለጉበት ሕመም የፈቀደው የስቴም ሴል ምርት የለም። በታኅሣሥ 2024 የመጀመሪያውን የሜዘንካይማል ሕዋስ ምርት ሲፈቅድም፣ ፈቃዱ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው የተተከለው ሕዋስ አካላቸውን ለሚያጠቃባቸውና ስቴሮይድ ላልረዳቸው ሕፃናት ነው።

ተስፋችንን የጣልንበትም አለ። የቶኪዮው ብሔራዊ የሕፃናት ጤና ማዕከል በ2020 ይፋ እንዳደረገው፣ አሞኒያን ማስወገድ የማይችል ጉበት ይዞ ለተወለደ የ6 ቀን ሕፃን ከፅንስ ስቴም ሴል የተሠሩ 190 ሚሊዮን የጉበት ሕዋሳት በእትብቱ ደም ሥር ሰጥቶ ነበር። ሕፃኑ ንቅለ ተከላ የሚችልበት ዕድሜ እስኪደርስ ድረስ አቆዩትና በኋላ ከአባቱ ጉበት ተቆርጦ ተተከለለት። እዚያ የጎደለው አንድ ኢንዛይም ነበር፤ ጉበቱ ጠባሳ አልነበረበትም። ሕዋሱ የሠራውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ «የጥናት ተሳታፊ» ሆኖ ስቴም ሴል እንዲወስድ ተጋብዟል። የአሜሪካ መዝገብ ቁጥር አለው፤ ግን ይከፈልበታል። እውነተኛ መሆኑን በምን እናውቃለን? (ከሪያድ)

መልስ፦ ክፍያው ራሱ ዋናው ምልክት ነው። በእውነተኛ ሙከራ የሚፈተነው ሕዋስ በአብዛኛው በነፃ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ለጉዞም ይካሳል። በክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ መዝገብ ላይ ኤን ሲ ቲ የሚሉ ፊደላትና 8 አኃዝ ያለው ቁጥር ማግኘት ፈቃድ ማግኘት አይደለም። መረጃውን የሚያስገባው ሙከራውን የሚያካሂደው ወገን ራሱ ነው። ቁጥሩን ፈልጋችሁ ገጹን ክፈቱና ሙከራው ስንት ሰው እንደሚፈልግ፣ የማነፃፀሪያ ቡድን ያለው መሆኑን፣ መጀመሪያ የወሰደው ሰው መቼ እንደሆነና ውጤት ተለጥፎ እንደሆነ አንብቡ። የአገሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያፀደቀበትን ደብዳቤ ጠይቁ። ያው ክሊኒክ በዚያው ሕዋስ ስኳርን፣ ጉልበትን፣ ኦቲዝምንና ጉበትን ሁሉ አክማለሁ ካለ ከዚያ ወዲያ አትጠይቁ።

ከዚያ ስለ ከረጢቱ ጠይቁ። ሕዋሳቱ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ። ሲፈለጉ በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በደቂቃዎች ይቀልጡና በሰዓታት ውስጥ መሰጠት አለባቸው። ቀልጠው ከቆዩ ይሞታሉ፤ ተያይዘው ይቋጠራሉ፤ ቋጠሮው ሳንባ ላይ ደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። ለማቀዝቀዣ የሚጨመረው ዲ ኤም ኤስ ኦ የሚባል ኬሚካል ማቅለሽለሽና ለአንድ ቀን ያህል እንደ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ትንፋሽ ያመጣል፤ ያ አያስደነግጣችሁ። ከከረጢቱ ጋር የሚመጣው የምርት ወረቀት የሕዋሱን ብዛት፣ ከቀለጠ በኋላ በሕይወት ያለውን በመቶኛ (ከ70 በታች ከሆነ ይቅር)፣ የሜዘንካይማል ሕዋስ መለያ የሆኑት ሲዲ 73፣ ሲዲ 90 እና ሲዲ 105 ከ95 በመቶ በላይ መሆናቸውን፣ የባክቴሪያ፣ የማይኮፕላዝማና የኢንዶቶክሲን ምርመራ ውጤትን፣ የለጋሿን የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የቂጥኝ ምርመራ ማሳየት አለበት። ወረቀቱን ማሳየት የማይፈልግ ክሊኒክ የሚሰጣችሁ ነገር ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም ማለት ነው።

ይህን ያህል የምንጠነቀቀው በከንቱ አይደለም። በ2018 በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳና በአሪዞና ከእትብት ደም የተሠራ ነው የተባለ ምርት የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። በ2016 በታተመ ሌላ የሕክምና ዘገባ፣ ስትሮክ የመታው ሰው በሦስት አገሮች ስቴም ሴል ተሰጥቶት አከርካሪው ውስጥ የሌላ ሰው ሕዋስ እያደገ ዕጢ ሆኖበት ተገኝቷል። ለወንድምዎ ደግሞ ሌላ ስጋት አለ። ፕሌትሌቱ (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) ዝቅ ያለና ደሙ ቶሎ የማይረጋ የጉበት ታማሚ በደም ወሳጅ ሥር ቱቦ ሲገባበት ሊደማ ይችላል። አይ ኤን አር የሚባለውን የደም መርጋት ምርመራና ፕሌትሌት ሳይለኩ፣ በአልትራሳውንድ ካንሰር አለመኖሩን ሳያረጋግጡ የሚጀምሩ ሰዎች ጋ አይግባ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ እወልዳለሁ። ባለቤቴ የሄፓታይተስ ቢ ታማሚ ነው። የእትብት ደም ብናስቀምጥ ወደፊት ጉበቱን ይረዳዋል? (ከዱባይ)

መልስ፦ አይረዳውም። የእትብት ደም ሕዋሳት ደም የሚያመነጩ ናቸው፤ ከ1988 ጀምሮ ለደም ሕመሞች ሲተከሉ ቆይተዋል፤ ለጉበት አያገለግሉም። ለማስቀመጫ የሚከፈለው ቢቀር ሌላ ጥቅም አለ። እትብቱ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቆይቶ እንዲቆረጥ ሐኪምዎን ይንገሩ፤ ያ ደም ለልጅዎ አይረን ይሆናል። ይልቅ የራስዎን የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ዛሬውኑ ያሠሩ። ቫይረሱ ከሌለብዎት ይከተቡ። ካለብዎት ደግሞ ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባቱን፣ ከተገኘም ኢሚዩኖግሎቡሊኑን ማግኘት አለበት፤ የቫይረሱ መጠን ከፍተኛ ከሆነ እርስዎም ከመውለድዎ በፊት ቴኖፎቪር ይታዘዝልዎታል።

ጥያቄ፦ «ስቴም ሴል» የሚል በፓኬት የሚሸጥ ዱቄት ውሃ ውስጥ በጥብጦ መጠጣት ለጉበት ስብና ለቢልሃርዝያ ይሆናል እየተባለ በሰፈራችን ይሸጣል። ልግዛ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይግዙ። በአፍ የተወሰደ ሕዋስ እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጫል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የዕፅዋት ጭማቂ ነው፤ እንደ አረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ያሉት በብዛት ሲወሰዱ ራሳቸው ጉበት ይጎዳሉ። ጀምረው ከነበረና ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ አቁመው ፓኬቱን ይዘው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ቢልሃርዝያ እውነተኛ መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ። ለጣና ዳር ሰው ይህን ማወቅ ከብዙ ምርመራ ያድናል። ትሉ የሚያመጣው ጠባሳ በጉበቱ ደም ሥሮች ዙሪያ ነው፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ደም ያስተፋል፣ የጉበት ሕዋሳቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። ለጉበት ስብ ደግሞ ከሰውነት ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስን የሚያህል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ እናቴ ሲሮሲስ አለባቸው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምኩ ይላሉ። ምን እናድርግ? ምንስ ይብሉ? (ከደሴ)

መልስ፦ ከሥጋና ከወተት መከልከሉ አይጎዳቸውም፤ የሚጎዳቸው ሰዓቱ ነው። የታመመ ጉበት ስኳር ማከማቸት አይችልም። አንድ ሌሊት ያለ ምግብ ሲያድሩ ሰውነታቸው ጤነኛ ሰው ከሁለትና ሦስት ቀን ረሃብ በኋላ እንደሚያደርገው ጡንቻ መብላት ይጀምራል። የንስሐ አባታቸውን አነጋግሯቸው፤ ለበሽተኛ የሚሰጥ ፈቃድ አለና ከእሳቸው አፍ ሲሰሙት ይቀበሉታል። የጾም ምግቡን እየበሉ ከሦስት ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ እንዳይቆዩ፣ ከመተኛታቸው በፊትም እንጀራ በምስር ወይም ገንፎ ይቅመሱ።

ፕሮቲን በቀን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ያስፈልጋቸዋል፤ 60 ኪሎ ከሆኑ ከ72 እስከ 90 ግራም። 200 ግራም ያህል የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የጉበት ሕመም አንዳንዴ አእምሮን ግራ ያጋባልና ያ ይመጣባቸዋል ብላችሁ ፕሮቲን አትከልክሏቸው፤ ለግራ መጋባቱ ላክቱሎስ የሚባል ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት አለ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ለስላሳ ሰገራ እስኪወጣ ይወሰዳል። ጨው ከሁሉም ምግብ ተደምሮ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ከሆነ ለእሳቸው ብቻ ጨው የሌለው ይፈጭ። ጥሬ ሥጋ፣ ጠላና ጠጅ ከነጭራሹ ይቅሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የጉበት ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል ተብሏል። ህንድ ሄደን እኔ ልሰጠው አስቤያለሁ። ከየት እንጀምር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት እዚሁ ሁለት ምርመራ ያሠሩ። አንዱ የደም ዓይነት ነው፤ ኦ ለሁሉም ይሰጣል፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ለጉበት አያሳስብም። ሁለተኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ከእናት ስለሚተላለፍ ወንድምና እህት አብረው ሊያዙ ይችላሉ። እዚያ ደርሶ «አንተም አለብህ» መባል ገንዘብንም ጊዜንም ያባክናል። ቀጥሎ አልትራሳውንድ፤ ጉበትዎ ስብ ከበዛበት ክብደት ቀንሰው እንደገና ይታያል። ከዚያ በሲቲ ስካን ይለካል፦ ለወንድምዎ የሚሄደው ከእሱ ክብደት ቢያንስ 0.8 በመቶ (70 ኪሎ ከሆነ 560 ግራም ያህል)፣ ለእርስዎ የሚቀረው ከጠቅላላው ጉበትዎ ቢያንስ 30 በመቶ መሆን አለበት።

የህንድ ሕግ የውጭ አገር ሰው ከቅርብ ዘመዱ እንዲቀበል ይፈቅዳል፤ ዝምድናችሁን ኤምባሲው በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ የሁለታችሁን የልደት ሰርተፍኬትና የወላጆቻችሁ ስም በፓስፖርቶቻችሁ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አሁኑኑ ተመልከቱ፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ፋይል ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። ከሕንዶች መካከል ለጋሽ እናገኝላችኋለን የሚል ደላላ ወንጀል ውስጥ ነው የሚከታችሁ።

ለእርስዎም እውነቱን ማወቅ ይገባዎታል። ቀኙን ክፍል በሚሰጡ ሰዎች ላይ የሞት አደጋው ከ200 እስከ 500 ለጋሾች ውስጥ አንድ ያህል ይገመታል፤ የሐሞት መፍሰስና ኢንፌክሽን ከዚያ ይበዛሉ። ሳምንት ያህል ሆስፒታል ይተኛሉ፣ ከባድ ነገር ለሁለትና ሦስት ወር አያነሱም። የቀረው ጉበት በወራት ውስጥ አድጎ ይሞላል። ወንድምዎ ደግሞ ሰውነቱ የተተከለውን ጉበት እንዳይገፋ የሚያደርገውን ታክሮሊመስ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፣ ሄፓታይተስ ቢ ካለበትም የቫይረሱን መድኃኒት አብሮ። ከመሄዳችሁ በፊት ታክሮሊመስ የሚሸጥ ፋርማሲና በደሙ ውስጥ ያለውን መጠን የሚለካ ላብራቶሪ ስትመለሱ የት እንደምታገኙ አጣሩ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ክትትል የሚያደርጉ ሐኪሞች ያውቁታል፤ ከእነሱ ጠይቁ።